በባዕድ ቤት ስለ መኖር፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ለትምህርት ቢሆን፥ ለሥራ ቢሆን፥ ለትዳርም ቢሆን ከአባቱ ቤት ወጥቶ በማያውቀው ቤት ያደረ ሰው ያችን የመጀመሪያዋን ሌሊት አይረሳትም። የበሩ ድምፅ ሌላ ነው፤ የወጡ ጨው ሌላ ነው፤ የቤቱ ሰዎች የሚስቁበት ነገር ምን እንደ ሆነ አይገባውም። ቀን በሥራ የዋለው ሰው ሲመሽ ሆድ ይብሰዋል። እኔም በልጅነቴ ወደ ሚሲዮን ቤት በገባሁ ጊዜ የተነጠፈልኝን አልጋ ትቼ መሬት ላይ ተኛሁ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ከፍ ያለ መኝታ አላየሁምና በእንቅልፌ ወድቄ እሰበራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አለቀስሁ።

ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም የክርስቲያን ጠባይ የሚፈተንበት ነው። ከእንግድነት የተነሣ አንዱ አጕረምራሚ ይሆናል፤ የገባበትን ቤት ሁሉ ከእናቱ ቤት ጋራ እያስተያየ ሲነቅፍ ይኖራል፤ ምግቡም ጠባዩም ቋንቋውም አይጥመውም። ሌላው ደግሞ የወጣበትን ቤት ያፍርበታል፤ አዲሱን ቤት ለመምሰል ሲል ስሙን ይለውጣል፥ አፉን የፈታበትን ቋንቋ እንደማያውቅ ይሆናል፥ እናቱ ከገጠር ልትጠይቀው ስትመጣ ከጓደኞቹ ይሸሽጋታል። ሁለቱንም በየከተማው አይቻለሁ፤ የትኛው እንደሚከፋ ለመፍረድ ግን አልቻልሁም።

ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም ሳይሄድ በብዙ ባዕድ ቤት የኖረ አንድ ያገራችን ሰው ነበረ፤ እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ስሙን ያልሰማ ጥቂት ነው። ብዙዎች ግን የሚያውቁት በመጽሐፉ ነውና እኔ በኖረባቸው ቤቶች ላሳየው እወዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ የተወለደው በ1856 ገደማ ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ባለው በኢሉ አባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ነው። አገሩ ደን የለበሰ፥ ዝናብ የሚጠግብ፥ ቡናና ማር የሚገኝበት ለምለም አገር ነው። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ፈቺ ማለት ነው፤ ቋጠሮ የሚፈታም፥ የአንዱን ሰው ነገር ለሌላው የሚተረጕምም በዚሁ ቃል ይጠራል። እኛም በአማርኛ ገመድ ይፈታል፥ ሕልም ይፈታል፥ እንቆቅልሽ ይፈታል፥ የሕፃንም አፍ ይፈታል እንላለንና ይህን ለማስተዋል አንቸገርም። አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ።

በ1869፥ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሲሆነው፥ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠም ከለምለሙ ደጋ ተነሥቶ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ምጽዋ ደረሰ። ለተሸጠ ልጅ እያንዳንዱ ጌታ አዲስ ቤት ነው። በአንዱ ቤት የተማረው በሌላው አይረባውም፤ ሥራው ይለወጣል፥ ቋንቋው ይለወጣል፥ ስሙም ይለወጣል። ሂካ የሚለው ስም በመንገድ ቀረ፤ ነሲብ የሚለው ተተካ። ነሲብ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሆኖ ዕድል ፈንታ ማለት ነው።

ምጽዋ በባሕር የተከበበች ደሴት ናት። ሙቀቷ እጅግ የበዛ ነው፥ ዝናቧም ጥቂት ነው፤ የሚጠጣው ውሃ በየብስ ካለችው ከእምኩሉ መንደር ጕድጓዶች ይመጣላት ነበር። ውሃ በየሸለቆው ሲፈስ እያየ ላደገ ልጅ ውሃ ከሌላ ስፍራ የሚመጣላት ከተማ ምን ያህል እንግዳ እንደምትሆን አስብ። በ1870 በዚያ የፈረንሳይ ቆንሲል የነበረው፥ በትውልዱ የስዊስ ሰው የሆነው ቬርነር ሙንሲንገር ልጁን ነጻ አወጣው፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ቤትም ገባ። የዚህ ሚሲዮን ሰዎች በ1866 ወደ ምጽዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ አገር የሚያልፉበትን መንገድ ፈልገው ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘግቶባቸው ነበር። እነርሱ ወደ ኦሮሞ ደጅ መድረስ ቢሳናቸው አንድ የኦሮሞ ልጅ ወደ እነርሱ ደጅ መጣ።

ይሁን እንጂ ነጻ መውጣትና ቤት ማግኘት አንድ አይደሉም። የመጣበት መንገድ ያው የባሪያ ነጋዴዎች መንገድ ነበርና ወደ እናቱ ሊመለስ አይችልም ነበር። ስለዚህ መልካቸው የተለየ፥ ቋንቋቸው የማይሰማ፥ ጸሎታቸውም እንግዳ የሆነ ሰዎች ባሉበት ቤት ተቀመጠ። በዚያም ፊደል ቈጠረ፥ ቃሉንም ሰማ፤ በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው፤ ጳውሎስ ወደ ጌታው ሲመልሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ወንድም እንጂ እንደ ባሪያ እንዳይቀበለው ለምኖለታል። ትርጓሜውም የሚጠቅም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። የጥምቀቱን ስም ሲቀበል የባርነቱን ስም አልጣለም፤ እስኪሞት ድረስ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆኖ ኖረ። እኔ ብሆን ኖሮ ነሲብ የሚለውን ለማስረሳት በቸኰልሁ ነበር። እርሱ ግን የመጣበትን መንገድ በስሙ ላይ ተሸክሞ ሄደ።

በ1876 ወደ ስዊድን ተላከና በስቶክሆልም በዮሃነሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። ከምጽዋ ወደ ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው ከምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ በረዶ የሚገባ ነው። ከብርዱም ይልቅ የሰማዩ ሥርዓት ባዕድ ይሆንበታል። እኛ ቀንና ሌሊት እኩል ሲካፈሉ እያየን አድገናልና ይህን የፍጥረት ሁሉ ሕግ አድርገን እንቈጥረዋለን፤ በዚያ ግን በታኅሣሥ ወር ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ሆኖ ይጨልማል፤ በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ከዐሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ሳትጠልቅ ትቈያለች፥ እንግዳውም መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል። ትምህርቱ በስዊድንኛ ነበረ። ኦኔሲሞስ ቋንቋውን ለመግባቢያ ያህል ብቻ አልተማረውም፤ ለመጽሐፍ ሥራ እስኪበቃው ድረስ አወቀው። በዚያ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ በ1881 ግን ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

እንደ ተመለሰም ምሕረት ኃይሉን አገባ፤ ወዲያውም ከሚሲዮን ጓደኞቹ ጋራ ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ተነሣ። ቀጥታው መንገድ ስለ ተዘጋ በሱዳን ዞሩ፤ ከካርቱም አልፈው በዓባይ ወንዝ ላይ በኢትዮጵያ ጠረፍ አጠገብ እስካለችው እስከ ፋማካ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልተቻለም። በ1882 በሚያዝያ ወር ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ኦኔሲሞስም በንዳድ ታመመ። ዳግመኛ በሌላ መንገድ በሸዋ በኩል ሞከሩ፤ በ1886 እንጦጦ ደረሱ፥ ነገር ግን ወደ ምዕራብ እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውምና እንደ ገና ወደ ባሕሩ ዳር ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ወደ አገሩ ደጃፍ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው።

ዛሬ በኤርትራ ያለችው እምኩሉ ለእርሱ የተወለደባት አገር አይደለችም፤ ሊኖርባት የመረጣትም አይደለችም፤ በመንገድ ላይ ያለች የመቈያ ቤት ነበረች። ከባዕድ ቤት ሁሉ የሚከብደው እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ለዘለቄታው የገባ ሰው ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ ነገ እሄዳለሁ የሚል ግን ዕቃውን ሳይፈታ፥ ጎረቤቱን ሳያውቅ፥ ችግኝ ሳይተክል ዓመቱን ይጨርሳል። ነገውም ዐሥር ዓመት ይሆናል። ብዙ ተማሪዎችና ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወሩ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲህ ሆነው አውቃለሁ። ኦኔሲሞስ ግን ዕቃውን ፈታ። ወደ ሕዝቡ መሄድ ባይችል ለሕዝቡ የሚሄድ ነገር ለማዘጋጀት ተቀመጠ፤ የሉተርን ትምህርተ ክርስቶስና ከመጽሐፍ ቅዱስ የተውጣጡ ታሪኮችን ተረጐመ፥ ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስን ሊተረጕም ጀመረ።

በዚህ ሥራ ላይ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። አፉን የፈታበት ቋንቋ አነሰው። ልጅ ሳለ ከሕዝቡ ተለይቶ ነበርና ቋንቋው በልጅነቱ ልክ ቀርቶ ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ የተወሰደ ልጅ የጨዋታውንና የከብቱን፥ የእናቱን ጓዳና የመንደሩን መንገድ ስም ያውቃል፤ ሽማግሌዎች በሸንጎ የሚከራከሩበትን፥ ሕግ የሚደነግጉበትን፥ ለቅሶና ሰርግ የሚመሩበትን ቃል ግን ገና አልወረሰም። የሙሴን ሕግና የነቢያትን ወቀሳ፥ የጳውሎስንም ክርክር ለመተርጐም የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው የሽማግሌዎች ቃል ነው። በባዕድ አገር ብዙ ዓመት ለኖረ ሰው ይህን ማመን ይመራል። እንግዳ ሆኖ በስዊድን መቸገር አያሳፍርም፤ በገዛ ቋንቋ እንግዳ ሆኖ መገኘት ግን ያሳፍራል። በአውሮፓ የተማረ፥ በእርሱ ስፍራ የተቀመጠ ሌላ ሰው ቢሆን የጐደለውን ከራሱ ልብ እየፈጠረ በሞላው፥ ማንም ባላወቀበትም ነበር።

እርሱ ግን ከአንዲት ልጃገረድ ጋራ ለመሥራት ተቀመጠ። አስቴር ጋኖ ትባላለች። እርስዋም ከኦሮሞ አገር ከሊሙ በኩል በባርነት የተወሰደች ነበረች፤ በ1886 ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ የኢጣልያ የባሕር ኀይል ከሌሎች ጋራ ነጻ አወጣትና ወደ እምኩሉ መጣች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ነበር። ከቤትዋ ከወጣች ገና ቅርብ ነበረና የእናቶችዋ ቃል በጆሮዋ ውስጥ ትኵስ ነበረ፤ የማስታወስ ስጦታዋም ድንቅ ነበረ። ለትርጕሙ መመርመሪያ የሚሆን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ከዚህም ሌላ 500 ያህል እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ከልብዋ አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህም ጥቂቶቹ በ1894 ለኦሮምኛ አንባቢዎች በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ፤ ያንንም ሁለቱ በአንድነት ሠሩት። ፈቺ ተብሎ የተሰየመው ሰው የቋንቋውን ቋጠሮ የፈታው በአንዲት ወጣት ሴት ረዳትነት ነው። ይህን ለታናሾቻቸውና ለሴቶች ልጆቻቸው ጆሮ የማይሰጡ የቤት ጌቶች ቢያስታውሱት መልካም ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደላችን ለሌላ አካል የተሰፋ ልብስ ስለ ሆነ ለኦሮምኛ ድምፅ በሁሉ ስፍራ ልክ አልሆነም፤ ቢሆንም እስከ ቻለ ድረስ አገለገለ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታተመ፤ ለኅትመቱም ኦኔሲሞስ ራሱ ወደዚያ ሄደ። ይህም ሌላ አገር፥ ሌላ ቋንቋ፥ ሌላ ማዕድ ነው። ስለ ኅትመት ሥራ የሚያውቅ ሰው የማያነቡትን ፊደል በሚለቅሙ ሠራተኞች አጠገብ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ማረም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል።

በ1904 በመጨረሻ ወደ አገሩ ገባ። ከተወሰደ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስልህ ይሆናል፤ እንግድነቱ ግን ገና አላለቀም ነበር። የተመለሰው ወደ ሁሩሙ አይደለም፤ መኖሪያው በወለጋ በነቀምት ሆነ። አገሪቱም የተዋት አገር አልነበረችም። በልጅነቱ ምዕራቡን አገር የየአካባቢው ገዦች ለየራሳቸው ይገዙት ነበር፤ በተመለሰ ጊዜ ግን በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሆኖ ነበር። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ራሳቸው አስቀድሞ ኩምሳ ይባሉ የነበሩ፥ ክርስትና ሲነሡ ስማቸው የተለወጠ ሰው ነበሩ። ስም ሲለወጥበት የኖረውን እንግዳ በታላቅ ክብር ተቀበሉት። ልጅ ሆኖ በገመድ የወጣ ሰው ሽበት በጀመረበት ዕድሜው ለሕዝቡ ያዘጋጀውን መጽሐፍ ይዞ ገባ።

ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የሚጠብቀው ቤቱን ነው፤ የሚያገኘው ግን ሌሎች የኖሩበትን ቤት ነው። የሚያስታውሳቸው ሞተዋል፤ የሚያያቸው አያውቁትም፤ እርሱም በአነጋገሩና በአመለካከቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ከውጭ አገር ተምረው የሚመጡ ልጆቻችን በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ ይሰናከላሉ፤ አገሬ አላወቀችኝም ብለው ይቈጣሉ። ኦኔሲሞስ በነቀምት ትምህርት ቤት ከፈተና ልጆችን ማስተማር ጀመረ፤ ሕዝቡ በሚሰማውም ቋንቋ በኦሮምኛ ሰበከ። አስቴር ጋኖም ወደ ወለጋ መጥታ ታስተምር ነበር።

ስብከቱ ብዙ ሰው ሳበ፥ ክርክርም አስነሣ። በስፍራው የነበሩት ካህናት ኦሮምኛ የማይናገሩ ነበሩ፤ ሕዝቡ በቋንቋው ወደሚሰብክለት ሰው ሲሄድ ባዩ ጊዜ አዘኑ፥ ከሰሱትም። እኔ በዚህ ጽሕፈት ማንንም ልከስስ አልወድም። እነዚያ ካህናት ከሌላ አውራጃ የመጡ፥ በወለጋ ራሳቸው ባይተዋር የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ እንግዳ ሰው የሚፈራውን ፈሩ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሕዝቡን ቋንቋ ቢማሩ ኖሮ ሁለቱም ወገኖች ብዙ በተጠቀሙ ነበር።

በ1906 በግንቦት ወር ጉዳዩ በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ አቡኑም ከአገሩ እንዲወጣ ፈረዱበት። ይህ ፍርድ ቢጸና ኖሮ ዳግመኛ ከአገሩ በወጣ ነበር፤ ያን ጊዜም ዕድሜው ወደ ኀምሳ ቀርቦ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለወጡት፤ ወደ ነቀምት ተመልሶ እንዲቀመጥ፥ እንዳይሰብክ ግን አዘዙ።

እንግዲህ ይህን ፍርድ በልብህ መዝነው። ቤቱ ተፈቀደለት፤ ወደ ቤቱ የመጣበት ሥራ ተከለከለ። ሠላሳ አምስት ዓመት የናፈቀውን ቋንቋ በየቀኑ በገበያና በየመንገዱ ይሰማል፤ እርሱ ግን በዚያ ቋንቋ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሊናገር አይችልም። አኵርፎ ወደ ስዊድን ወዳጆቹ ሊሄድ ይችል ነበር። በድብቅ አድማ ሊያስነሣም ይችል ነበር፤ የሚከተለው ሰው አያጣም ነበርና። ኦኔሲሞስ ተመልሶ በነቀምት ተቀመጠ፤ የቀረለትንም የትምህርት ቤቱን ሥራ ያዘ። ልጆች ወደ እርሱ እየመጡ ፊደል ይቈጥሩ ነበር፤ የተረጐማቸው መጻሕፍትም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዱ ነበር። እንደ ገና እንዳይባረር እየሠጋ በዚህ ሁኔታ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። እኔ በዕድሜዬ የሰማኋቸውን ታላላቅ ስብከቶች ሁሉ ሳስብ ከዚህ ከዐሥር ዓመት ዝምታ ጋራ የማስተያየው ብዙ አላገኝም።

በ1916 ልጅ ኢያሱ በይፋ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት በነቀምት አስተማረ፥ በቤቱም ጉባኤ ያደርግ ነበር። የአገሩ ሰዎችም አባ ገመቺስ ይሉት ጀመር፤ ገመቺስ በኦሮምኛ ደስ አሰኝ ማለት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረ፥ የሸጡት ሰዎች የሰጡት ነበረ፥ ሚሲዮናውያን በጥምቀት የሰጡት ነበረ፤ ይህ አራተኛው የጎረቤቶቹ ነው።

በሁሩሙ የኖረው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ነበር፤ በነቀምት ሃያ ሰባት ዓመት ኖረ፤ በ1931 ሰኔ 21 ቀንም በዚያው ዐረፈ።